ኦፕራሲዮን የተደረገች ጎረቤትን ስለ መጠየቅ (ለነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ጎረቤታችን የማሕፀን እጢ በሆድ በኩል በኦፕራሲዮን ሲወጣላት ልንጠይቃት እንሄዳለን፤ ደግ ነው። ግን «ተኚ፣ አትነሺ፣ እህልም ይቆይሽ» እያልን እንጎዳታለን። የዴንማርኩ ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በ2016 ለማሕፀን ቀዶ ሕክምናም መመሪያ ወጥቶለታል። ሐኪሟ ካልከለከላት በ24 ሰዓት ውስጥ ምግብ ትጀምራለች፤ የሽንቱ ቱቦ ቶሎ ይወጣላታል፤ ተደግፋም ትራመዳለች።

ሕመሙስ? «ቻይው» አንበላት! ማስታገሻውን በሰዓቱ ካልወሰደች አትነሳም፤ ካልተነሳች ደግሞ እግሯ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ ሳንባዋም ድረስ ሊሄድ ይችላል። አጥሚቱን ይዘን ስንሄድ ክንዳችንንም እናውሳት። ትኩሳት፣ የቁስል መግል፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየን ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት እናድርሳት።