የክራር አሠራርና የብረት ክር ጉልበት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ክራር አሠራር ነው። «የእርሻው ነገር፣ የማዳበሪያው ነገር ቀርቶ ክራር!» የምትሉ አትጠፉም። ግን እስቲ አስቡት። ሞፈር የሚጠርብ፣ ቀንበር የሚያበጅ፣ ጠፍር የሚቆርጥ እጅ ክራር መሥራት አያቅተውም። የሚያቅተን የሚመስለን ነገሩን ለአዝማሪ ብቻ ስለተውነው ነው።

ደብረ ማርቆስ ለገበያ ስትወጡ ጊታር የያዘ ወጣት አይታችሁ ይሆናል። ጊታር ከሌላ አገር የመጣ የክራር ሩቅ ዘመድ ነው። ሁለቱም ድምፅ የሚያጎላ ባዶ ሆድ አላቸው። ሁለቱም ክር አላቸው፤ ጊታር ስድስት፣ ክራር አምስት ወይም ስድስት። ልዩነታቸው ጊታር ረጅም አንገት ያለው መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ክሩን አንገቱ ላይ በጣቱ እየተጫነ ያሳጥረዋል፤ ክር ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል። ክራር ግን አንገት የለውም። ሁለት ቋሚዎች አሉት፤ ከላይ አንድ እንጨት ይጋደምባቸዋል። ይህን እንጨት ቀንበር ይሉታል። ስሙ ከእናንተው ቀንበር ነው፤ ሥራውም ያው ሸክም መቻል ነው።

ሸክም ካልን ዘንድ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ክራር የሚሠራ ሰው ከእንጨቱ በፊት የክሩን ጉልበት ማወቅ አለበት። የብረት ክር ያለው ጊታር ተወጥሮ ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች ባንድነት 70 ኪሎ ያህል ይስባሉ። ከአንድ ኩንታል ጤፍ 30 ኪሎ ቢቀነስ ማለት ነው። ይህ ሸክም ደግሞ ሌት ተቀን አይወርድም። አህያ እንኳ ገበያ ስትደርስ ትራገፋለች እኮ!

ድሮ የክራር ክር የሚሠራው ከበግ አንጀት ወይም ከጅማት ነበር። አሁን ናይሎንና የብረት ክር ገብቷል። የብረት ክር ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ሩቅ ይሰማል፤ ቶሎም አይበጠስም። ነገር ግን ብረት ከአንጀት ክር ስድስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ እኩል ውፍረት ያለው የብረት ክር በአንጀቱ ቦታ አስገብተን ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ ብንወጥረው፣ ስድስት እጥፍ ያህል ጉልበት ይፈልጋል። ምን ይሆናል መሰላችሁ? ቀንበሩ ይጎብጣል፤ ቋሚው ይሰነጠቃል፤ ቆዳውም ይሰረጉዳል። አንድ በግ ታርዶ፣ አንድ ዛፍ ተቆርጦ፣ የስንት ቀን ድካም በአንድ ሌሊት ገደል ገባ ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ክሩ በጣም ቀጭን ይሁን፤ ቀንበሩና ቋሚው ደግሞ ወፈር ይበሉ።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። ለሆዱ ዋንዛ የሚያህል የለም። ቀላል ነው፤ ለመሮ ይመቻል፤ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ በየደጃችን ሞልቷል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ለቤት ማገር ይሁን እንጂ ለክራር ሆድ አንመክርም። ዋንዛ ግን እንደ ልብ የሚገኝ ዛፍ አይደለም። አንድ የቆረጠ ሰው ሁለት ሦስት ችግኝ መትከል አለበት፤ ይህን ልብ በሉልን።

እንጨቱ በበጋ ይቆረጥ። ከዚያ በመጥረቢያና በመሮ እንደ ገበቴ ይፈልፈል፤ ግን በመጀመሪያው ቀን አይጨረስ። ግድግዳው ወፍራም እንደሆነ ይተውና በጥላ ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ምድጃ አጠገብም አታስጠጉት። እንጨት ውኃውን ቶሎ የሚለቀው በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ነው። ጫፉ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሲሆን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጫፉን ሰም ቀቡት። በጎጃም ሰም መቼ ይጠፋል! ከጥቂት ወራት በኋላ ሲደርቅ፣ ግድግዳው የአንድ ጣት ውፍረት እስኪቀረው ድረስ እየፈለፈሉ መጨረስ ነው።

ቀጥሎ ቆዳው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል። እርጥብ እንዳለ በሆዱ አፍ ላይ ይለብስና ከጀርባ በጠፍር ይጠፈራል። ሲደርቅ ራሱን በራሱ ይወጥራል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ድምፁ እንዲወጣም ቆዳው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቆዳ የሚፍቀውን ሰው «ፋቂ» እንለዋለን። ቃሉ የሥራ ስም ነበር፤ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። መሮውን የሚቀጠቅጥልንንም «ቡዳ» እያልን እንሸሸዋለን፤ ክራሩን የሚመታውን ደግሞ አዝማሪ ብለን እንንቀዋለን። ከዚያ ሠርግ ሲመጣ ሁሉንም እንፈልጋቸዋለን! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። አዋጁ ወጣ እንጂ ምላሳችን አልታረመም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የነበረ አይምሰላችሁ። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን የሚባል ጀርመናዊ የአናጢ ልጅ ነበር፤ ጊታርም ይሠራል። በሰፈሩ የነበሩ የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር አናጢዎች የሙዚቃ መሣሪያ እንዳይሠሩ ለማስከልከል ብዙ ተከራከረ። ማርቲንም በ1833 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እዚያ ያቋቋመው ፋብሪካ ዛሬም ጊታር ይሠራል። የፋብሪካው ጊታሮች ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል በሆነች ስስ የእንጨት ገጽ ያን ሁሉ ኪሎ የሚችሉት በምን ይመስላችኋል? ከገጹ በታች፣ ሆዱ ውስጥ፣ በመስቀል ቅርጽ የተጣበቁ ቀጫጭን ማገሮች አሉ። ቤታችሁን በማገር እንደምታጠብቁት ነው። የብረት ክር የተለመደው ዘግይቶ፣ በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ማገሩ ግን ያን ጉልበት ቻለው።

ወደ ክራራችን እንመለስ። ሁለቱ ቋሚዎች ቆዳውን በስተው ይገቡና ታችኛው ከንፈር ላይ ይደገፋሉ። ከላይ ቀንበሩ ይጋደማል። ቀንበሩ ላይ በየክሩ መቃኛ ይኖራል። ታች፣ ቆዳው ላይ፣ ብርኩማ ይቆማል፤ ክሮቹ በእሱ ላይ ያልፋሉ። የክሩን ንዝረት ወደ ቆዳው የሚያደርሰው ይኸው ብርኩማ ነው። ስለዚህ ጠንካራና ቀላል እንጨት ይሁን።

ቅኝቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉ አራት ቅኝቶች አሉ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ አቅጥኖ ይደግመዋል። ይህ በጆሮ እንጂ በንባብ አይገኝም። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፉት አስናቀች ወርቁ በክራራቸው ምን ያህል እንደተናገሩ የሰማ ያውቀዋል። ሬዲዮ ያለው ሰው ዘፈናቸው ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጎረቤቱን ይጥራ።

ክረምት ሲገባ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ድምፁም ይታፈናል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ክሩን ይበልጥ ያከርረዋል፤ ክራር የሚሰበረውም በዚህ ነው። በጋ ሲመለስ ቆዳው ይኮማተራል፤ በከረረው ክር ላይ የቆዳው ጉልበት ይጨመርና ቀንበሩን ይሰብረዋል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ክሩን አላሉት፤ ክራሩን ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ፣ ጭሱ በማይበዛበት በኩል ስቀሉት። መጫወት ስትፈልጉ ቆዳውን ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ ትንሽ አሙቁት፣ ቃኙት፣ ተጫወቱ፤ ስትጨርሱ መልሳችሁ አላሉት።