ኩበት፣ ማዳበሪያና ውሃ በአንድ ሒሳብ




በምዕራብ ሸዋ ደጋ ኩበት ሲነድ የሚቃጠለው ማገዶ ብቻ ሳይሆን የማሳው ፍግም ጭምር ነው። የጎደለውን ገበሬው በዩሪያ ይተካል። ዩሪያ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚሠራ፣ በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ጋዝን ይበልጥ ሲያስወድድ የማዳበሪያ ዋጋም አብሮ ናረ፤ አምቦና ጉደርም አልቀረላቸውም።

ማገዶው ከደን ሲሆን ነገሩ ወደ ውሃ ይሻገራል። ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን የአዋሽ መነሻ ነው። ዳገቱ ሲራቆት የሚታጠበው አፈር ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረው የቆቃ ግድብ የውሃ መያዣው በደለል ጠቧል። ጭሊሞን የሚጠብቁት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንግዲህ የቆቃንም ተርባይን ይጠብቃሉ።

ባለሙያዎች የአየር ንብረትን፣ መሬትን፣ ኃይልንና ውሃን አንድ ላይ የሚያሰሉበት ሞዴል አላቸው። በሞሪሸስ ሸንኮራ አገዳ ላይ ሲሞከር፣ ዝናብ ቢቀንስ ለመስኖ ፓምፕ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከአገዳው ነዳጅ የሚገኘውን ጥቅም እንደሚሸረሽር አሳየ።

እዚህ ቅርብ ያለው ምሳሌ ባዮጋዝ ነው። ጋዙ ለምድጃ፣ ዝቃጩ ለማሳ ይውላል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን አዛባው በተመጣጣኝ ውሃ መበጥበጥ አለበት። ምንጭ በራቀበት ቀበሌ እንጨት ትሸከም የነበረችው እናት ጀሪካን ልትሸከም ነው። እዚያ የእንጀራን ማገዶ ከሦስት ጉልቻ በግማሽ ገደማ የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ ይቅደም። ዩኒየኑም የማዳበሪያ ፍላጎት ሲሰበስብ ኩበት የሚያነዱትን አባላትና የምንጩን ርቀት አብሮ ይመዝግብ፤ ያኔ ምን ያህሉ ዩሪያ የተቃጠለውን ፍግ ለመተካት እንደሚገዛ ይታወቃል።