ክኒኑን ተቀብለው ያልተጠቀሙበት ባለትዳሮች
(በክሊኒኩ ለተገኙ ባልና ሚስቶች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ በሰሜን ሕንድ፣ በፑንጃብ ግዛት ስለምትገኝ ማኑፑር ስለምትባል አነስተኛ የገበሬዎች መንደር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በዚያ አካባቢ የቤተሰብ ምጣኔ ጥናት አካሂደው ነበር። ሠራተኞቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ባለትዳሮችን ያነጋግራሉ፤ የእርግዝና መከላከያም ያድላሉ። ከታደሉት አንዱ ሴቷ ከግንኙነት በፊት በማህፀኗ በር አጠገብ የምታስቀምጠው፣ አረፋ የሚፈጥር ክኒን ነው። ብዙዎቹ ያለ ክርክር ተቀበሉ። ጥናቱ ሲያበቃ ግን በወሊዱ ብዛት ላይ የተጠበቀው ለውጥ አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ማህሙድ ማምዳኒ የተባለ ኡጋንዳዊ ምሁር ወደ ማኑፑር ሄዶ ምክንያቱን ጠየቀ፤ ያገኘውንም በ1972 በመጽሐፍ አወጣ። በአንድ ሰው ቤት የክኒኑ ካርቶኖች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቤት ጌጥ ሆነው አየ! ታዲያ ለምን ተቀበላችሁ ቢባሉ፣ ከሩቅ አገር የመጡትን ደግ ሰዎች ላለማስቀየም ነበር። እኛ ይሉኝታ የምንለው መሆኑ ነው።

ዋናው ነገር ግን የኑሮ ሒሳብ ነበር። ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ ለአረምና ለአጨዳ ሰው ለመቅጠር ገንዘብ የለውም፤ ጉልበቱ ልጆቹ ናቸው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ሣር የሚያጭደውም ልጅ ነው። ሴት ልጅም እናቷን ታግዛለች፤ ታናናሾቿን ታዝላለች። መሬት የሌለው ደግሞ ተስፋው በሰው ማሳ ወይም ከተማ ገብተው ሠርተው ገንዘብ የሚልኩለት ወንዶች ልጆች ናቸው። በዚያ ላይ ሕፃናት ይሞታሉ፤ ለእርጅና ጡረታ የለም። እንዲህ ላለው ሰው "ሁለት ልጅ ይበቃሃል" ማለት "ድሃ ሁን" እንደማለት ነበር።

እኔ ይህን ሒሳብ ስህተት ነው አልልም። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ስምንቴ የምታረግዘው ሚስት ድካምና ሕመም የተጻፈበት ቦታ የለም።

በኋላ ኑሮው ራሱ ተለወጠ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ምርጥ የስንዴ ዘርና ትራክተር በፑንጃብ ተስፋፋ፤ ትምህርት ቤት በዛ፤ ልጃገረዶችም ዘግይተው ማግባት ጀመሩ። ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው የሕንድ የቤተሰብ ጤና ጥናት፣ በፑንጃብ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.6 ልጅ ነው። የወንድ ልጅ ምርጫ ግን ቶሎ አልለቀቀም። በ2001 ሕዝብ ቆጠራ ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ 1000 ወንዶች የተቆጠሩት ሴቶች 798 ብቻ ነበሩ። ይህ በጣም ያሳዝናል።

እናንተስ? ከተማ ውስጥ ልጅ ከብት አይጠብቅም። የቤት ኪራይ፣ የዩኒፎርም፣ የደብተር፣ የሕክምና ወጪ አለው። እስቲ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን ሒሳብ ሥሩ፤ የእናትየዋንም ጤና አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ አብራችሁ ኑና ንገሩን። ክኒንም ሆነ መርፌ እኛን ላለማስቀየም ብላችሁ አትቀበሉ። ራስ ምታት ካመጣባችሁ፣ ደም ካበዛባችሁ፣ ወይም ባልየው ካልተስማማ በግልጽ ንገሩን፤ ሌላ ዘዴ አለ።