ጥቁሩ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ቆዳና ስለ ሌዘር ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንዲት ሴት ሦስት ጉዳይ ይዛ ወደ አንድ የሌዘር ሕክምና መስጫ መጣች ተብሎ ይገመት። ሁለተኛ ልጇን ካረገዘች ወዲህ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ማድያት ወጥቶባታል። በአንገቷ ዙሪያ በልጅነቷ የተነቀሰችው ንቅሳት አለ። በአገጯ ሥር ደግሞ ጠዋት ጠዋት በወረንጦ የምትነቅለው ጠጉር ይበቅላል። ሦስቱም ለዓይን ጥቁር ናቸው፤ ሦስቱንም እንዲጠፉላት ትፈልጋለች። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መሣሪያ አንድ ነው። መሣሪያው ሲገዛ የተጠየቀው ጥያቄ «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» የሚል ብቻ ከነበረ፥ ይህች ሴት ከሦስቱ ጉዳዮች ቢያንስ በአንዱ ተጎድታ የመውጣቷ ዕድል ሰፊ ነው።

ጥያቄው መሆን ያለበት ሌላ ነው። ይኸውም፦ የሚጠፋው ነገር የትኛውን ቀለም ብርሃን ይመጣል? ከቆዳው ገጽ ምን ያህል ጠልቆ ይገኛል? መጠኑስ ምን ያህል ነው? እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ የመሣሪያው ስም ከሞላ ጎደል ራሱ ይወጣል።

ይህ አስተሳሰብ ግን ከሌዘሩ ጋር አብሮ አልተወለደም። በ1960 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን ከሰው ሠራሽ ሩቢ የመጀመሪያውን የሌዘር ጨረር አወጣ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የሲንሲናቲው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን ጨረሩ በሰው ቆዳ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ መመርመር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ሥራው ከስሌት ይልቅ በልምድ ይመራ ነበር። በፊታቸው ላይ ከልደት ጀምሮ የወይን ጠጅ የሚመስል ቀይ ምልክት ያለባቸው ሰዎች በአርጎን ሌዘር ሲታከሙ፥ ምልክቱ ቢደበዝዝም በምትኩ ጠባሳ የሚተውበት ጊዜ ነበረ። ብርሃኑ ደሙን ቢያገኝም ሙቀቱ ከደም ሥሩ አልፎ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያበስል ነበር።

በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የጻፉት ጽሑፍ የነገሩን ምሥጢር ፈታ። ሐሳቡን ለመረዳት አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ይበቃል፤ በስኒው ያለው ቡና ጀበናው ውስጥ ካለው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ነገር ሙቀቱን ቶሎ ያስተላልፋል፥ ትልቅ ነገር ይዞ ይቆያል። መጠኑ እጥፍ ሲሆን የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የብርሃኑ ብልጭታ ዒላማው ሙቀቱን ለጎረቤቱ ከማካፈሉ በፊት ካለቀ፥ የሚጠፋው ዒላማው ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ይተርፋል።

ቁጥሮቹ ለመሐንዲስ ጆሮ ይጥማሉ። ስፋቱ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ የደም ሥር የሚቀዘቅዘው በ5 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። 0.3 ሚሊሜትር የሚሆነው የጠጉር ሥር 40 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት የሜላኒን ቅንጣቶች ግን ከአንድ ማይክሮ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይበርዳሉ፤ የንቅሳት ቀለም ቅንጣቶችም ጥቃቅን ስለሆኑ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ለጠጉር በሚሊሴኮንድ የሚቆጠር፥ ለንቅሳት ደግሞ ኪው-ስዊች በተባለው ዘዴ የሚገኘው በናኖ ሴኮንድ የሚቆጠር ብልጭታ ያስፈልጋል። ግማሽ ጁል ኀይል በ5 ናኖ ሴኮንድ ውስጥ ሲለቀቅ ጉልበቱ 100 ሜጋ ዋት ይደርሳል። ሌዘር በተገኘበት በዚያው በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫ የተተከለ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ያህል መሆኑን ለሚያስታውስ አድማጭ፥ በእጅ የሚያዘው ዕቃ ለዚያች ቅጽበት ምን እንደሚሠራ ግልጽ ይሆንለታል። ቀለሙን የሚሰባብረው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ድንጋጤው ጭምር ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ዒላማው ተነገረ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የሚነሣው ዋና ችግር ግን በዒላማውና በመሣሪያው መካከል ያለው መጋረጃ ነው። የላይኛው ቆዳ ራሱ ሜላኒን አለው። ጠጉሩን ሊያቃጥል የተላከው ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ሜላኒን ስለሆነ፥ መጋረጃው የወፈረ እንደሆነ ብርሃኑ እዚያው ይቀርና ቆዳውን ያቃጥላል። ነገር ግን ሜላኒን የሞገድ ርዝመቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር የሚመጠው ብርሃን እያነሰ ይሄዳል። ሩቢ በ694፥ አሌክሳንድራይት በ755፥ ዳዮድ በ810 ገደማ፥ ኤንዲ-ያግ በ1064 ናኖሜትር ይሠራሉ። ነጭ ቆዳና ጥቁር ጠጉር ላለው ሰው አሌክሳንድራይት እጅግ ተስማሚ ነው። ለጠይምና ለጥቁር ሰው ግን መጋረጃውን በተሻለ ሰላም አልፎ ወደ ጥልቁ የሚደርሰው 1064 ነው። ጠጉሩም ቢሆን ብርሃኑን የሚመጠው በመጠኑ ስለሆነ ኀይሉ ከፍ ማለት አለበት፤ የቆዳው ገጽም በሥራው ጊዜ በደንብ መቀዝቀዝ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ተገቢ ነው። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የሚገኘው ከ1 እስከ 6 ያለው የቆዳ መደብ የቶማስ ፊትዝፓትሪክ ነው። በ1975 ሲጀመር አራት መደብ ብቻ ነበረው፤ የታሰበውም ነጭ ቆዳ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚቃጠል ለመገመት ነበር፤ 5ኛውና 6ኛው በኋላ የተጨመሩ ናቸው። በአማርኛ ግን ሰው ቀይ፥ ቀይ ዳማ፥ ጠይም፥ ጥቁር ይባላል። ሠራተኛው «ቀይ ናት» ብሎ መሣሪያውን ለነጭ ቆዳ በተዘጋጀው ቁጥር ቢያስተካክል ከባድ ስሕተት ይሠራል። እዚህ ቀይ የምትባለው ሴት ብዙውን ጊዜ በ4ኛው መደብ የምትገኝ ናት፤ መደቡ የሚወሰነውም በስም ሳይሆን ቆዳውን በማየትና በመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ሴትየዋ እንመለስ። የአገጯ ጠጉር ረዘም ያለ ብልጭታ ባለው የኤንዲ-ያግ ሌዘር በተደጋጋሚ ቀጠሮ ሊቀንስ ይችላል። ለጊዜው ግን ወረንጦውን መተው አለባት፤ ጠጉሩ ከተነቀለ ብርሃኑን የሚቀበል ቀለም በሥሩ አይገኝምና። የሸበተ ጠጉር ደግሞ ሜላኒን ስለሌለው ሌዘር አያገኘውም፤ እርሱን በየአንዳንዱ ሥር መርፌ አስገብቶ በኤሌክትሪክ ማጥፋት ይቀራል።

የአንገቷ ንቅሳት ከጥላሸት የተሠራ ጥቁር ከሆነ በዚያው በ1064፥ ነገር ግን በናኖ ሴኮንድ ብልጭታ ይሰበራል። የተሰበረውን ቀለም ጠራርጎ የሚወስደው መሣሪያው ሳይሆን የሰውነቷ የጥበቃ ሕዋሳት ናቸው፤ ለዚህ ሳምንታት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በቀጠሮዎቹ መካከል ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው። «በሁለት ሳምንት ይጠፋል» የሚል ማስታወቂያ የዘነጋው እነዚህን ሕዋሳት ነው። ሙሉ በሙሉ የማይጠፋበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ከመጀመሪያው ሊነገራት ይገባል።

ማድያቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የሜላኒን ቅንጣቶቹን ሌዘር ሊሰባብራቸው መቻሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን በሽታው ያለው ቀለሙን በሚሠሩት ሕዋሳት ላይ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ሙቀት ሲነካቸው ይቆጣሉ። በመጀመሪያው ወር ጉንጩ ጠርቶ የተደሰተች ሴት፥ በሦስተኛው ወር ከቀድሞው የጠቆረ ማድያት ይዛ ልትመለስ ትችላለች። ከአገሩ ሁኔታም የሚመጣ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝና ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው። ማድያትን የሚያባብሰው ዓይን የማያየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየውም ብርሃን ነው፤ ይህንን ግልጽ የሆነው የፀሐይ መከላከያ ቅባት አያግደውም፥ የብረት ኦክሳይድ ቀለም የተጨመረበት ይሻላል። ስለሆነም የዚህች ሴት ጉንጭ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባርኔጣ፥ ባለቀለም መከላከያ ቅባትና የቆዳ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ሌዘር ቢመጣ መጨረሻ ላይ፥ በሐኪም እጅና በዝቅተኛ ኀይል ይመጣል። መሣሪያ ለገዛ ሰው ይህንን መናገር ገንዘብ መመለስ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ቀለም የሌለው ጉዳይስ? የብጉር ጠባሳ ጉድጓድ የሚመጥ ቀለም ስለሌለው ዒላማው በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ይሆናል። ለዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በ10,600፥ ኤርቢየም-ያግ በ2,940 ናኖሜትር ያገለግላሉ። ድሮ ገጹን በሙሉ ይልጡ ነበር። ከ2004 ወዲህ የታወቀው ፍራክሽናል ዘዴ ግን ጥቃቅን ነጥቦችን ብቻ ነክቶ በመካከላቸው ጤነኛ ቆዳ ስለሚተው ቁስሉ ቶሎ ይድናል። በጠይም ቆዳ ላይ ነጥቦቹ መራራቅ አለባቸው፤ አለዚያ ጠባሳው ጎልቶ የማይታየውን ያህል ጥቁረቱ ጎልቶ ይታያል። ኬሎይድ የሚወጣበት ሰው ደግሞ ይህንን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ለቀይ የልደት ምልክትና ለደም ሥሮች በ595 ናኖሜትር የሚሠራው የዳይ ሌዘር የታወቀ ነው።

አይ ፒ ኤል የተባለው መሣሪያ ዋጋው ስለሚቀንስ በየቦታው ይታያል፤ እርሱ ግን ሌዘር አይደለም። ከ500 እስከ 1,200 ናኖሜትር ገደማ የተዘረጋ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ብርቱ መብራት ነው። አጭሩን ሞገድ የሚያግድ ማጣሪያ ቢኖረውም በጥቁር ቆዳ ላይ አደጋው ከፍ ያለ ነው። በእርሱ የተቃጠለ ቆዳ የመሣሪያውን መስኮት ቅርጽ ይዞ፥ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

የቱም መሣሪያ ቢመረጥ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፥ ለምሳሌ ከመንጋጋ ሥር፥ ጥቂት ነጥቦች ተሞክረው መታየት አለባቸው። ጥቁር ቆዳ ጉዳቱን ወዲያው ላያሳይ ስለሚችል በማግስቱ አይቶ «ደኅና ነው» ማለት አይበቃም፤ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል። መነጽሩም ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ ይሁን። 1064 ለዓይን የማይታይ ሆኖ ሳለ እስከ ዓይን ጀርባ ይዘልቃል፤ ጥቁር መሆኑ ብቻ መነጽርን ጠባቂ አያደርገውም።

በመጨረሻም የጥገናውን ነገር ይህ ማኅበር ከማንም በላይ ሊያስብበት ይገባል። የመሣሪያው መስተዋትና መነጽር አቧራና ጭስ ሲይዘው የሚወጣው ኀይል ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሠራተኛዋ ውጤቱ መድከሙን ታይና ቁጥሩን ከ30 ወደ 34፥ ከዚያም ወደ 38 ታሳድጋለች። ቆዳ ላይ የሚደርሰው አሁንም ያው የድሮው 30 ስለሆነ ማንም አይጎዳም። ከዚያ የጥገና ባለሙያ መጥቶ መስተዋቱን አጽድቶ፥ መሣሪያው እንደ አዲስ መሥራቱን አይቶ ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛዋ በለመደችው 38 ስትጀምር በእርግጥ የሚወጣው 38 ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ኀይሉን በመለኪያ ለክቶ በመዝገብ ይጽፋል፤ በየሰው ካርድ ላይ ያለው የቀድሞው ቁጥርም ተሠርዞ የመንጋጋው ሥር ሙከራ እንደገና ከዝቅተኛው ይጀመራል።