የጸደቀ የዓመት ፈቃድ ሲሰረዝ



በአንድ የግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ፋሲካን ከወላጆቹ ጋር ለማክበር የዓመት ፈቃዱ ጸደቀለት፤ የአውቶቡስ ቲኬትም ቆረጠ። በመንገዱ ዋዜማ አለቃው «ፈቃድህ ተሰርዟል» ቢለው መብቱ ምንድን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይደነግጋል። አንደኛው ፈቃድን ማስተላለፍ ነው፤ የሥራው ሁኔታ ሲያስገድድ ይፈቀዳል፣ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይቻልም። ሁለተኛው በአንቀጽ 80 የተመለከተው ከፈቃድ መጥራት ነው፤ ይህ አስቀድሞ ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥም ብቻ የሚፈቀድ ሲሆን፣ መጠራቱ ያስከተለውን የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪ አሠሪው ይሸፍናል።

ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። አንቀጽ 80 የሚናገረው ፈቃድ ላይ ስላለ ሠራተኛ ነው፤ ገና ስላልወጣው ሠራተኛ ቲኬት ግን ዝም ይላል።

ጥሎ መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት ለስንብት ሊዳርግ ይችላል። ሠራተኛው የጸደቀውን ቅጽ ቅጂ ይያዝ፤ የስረዛውን ምክንያትና ተለዋጭ ቀኑን በጽሑፍ ይጠይቅ። በቃል የተሻረ ፈቃድ በክርክር ጊዜ ለማስረዳት ያስቸግራልና።

ክፍተቱን ለመሙላትም የአዋጁን መሻሻል መጠበቅ ግድ አይደለም። የስረዛን ወጪ በአሠሪው ላይ የሚጥል አንድ አንቀጽ በኅብረት ስምምነት ውስጥ ማስገባት ይቻላል።