ፊኛ ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ምርመራ



ዛሬ በካልጋሪ የተሰበሰብነው ስለ አንዲት ቁራጭ ናሙና ነው። በሽንት ፊኛ ካንሰር ከሚያዙ 4 ሰዎች የ3ቱ ያህል ዕጢ ሲታወቅ ገና የፊኛው ጡንቻ ውስጥ አልገባም። ታካሚው በክትትል ይቆይ፣ ቢሲጂ ፊኛው ውስጥ ይሰጠው ወይስ ፊኛው ይውጣ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው የፓቶሎጂ ውጤት ነው። ሆኖም ያንኑ ናሙና የመረመሩ ሁለት ባለሙያዎች ስለ ዕጢው ጠባይና ጥልቀት የሚለያዩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ናሙናው ተቆራርጦና በሙቀት ተለብልቦ ስለሚወጣ ወሰኑን መለየት ያስቸግራል። ጡንቻ የሌለበት ናሙናም ጡንቻው ነጻ ስለ መሆኑ ሊመሰክር አይችልም።

ስለዚህ የአልበርታን ሕግ አውጪዎች ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ እያንዳንዱ የምርመራ ውጤት ጡንቻ በናሙናው መኖር አለመኖሩን ይግለጽ፤ አደገኛ የተባለ ዕጢም ሕክምናው ከመወሰኑ በፊት በዘርፉ በሠለጠነ ሁለተኛ ፓቶሎጂስት ይታይ። ያለ አግባብ የወጣ ፊኛ አይመለስም፤ ሳይታወቅ የቀረ ካንሰርም ጊዜ አይሰጥም።