የቆርቆሮ ሮቦትና የባትሪ ድንጋይ

አሮጌ መጫወቻ መሰብሰብ ሥራ ፈትነት የሚመስላቸው ሰዎች አይጠፉም። የጃፓንን የቆርቆሮ ሮቦቶች ታሪክ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945፥ ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ ብረት በጠፋበት ጊዜ፥ ኮሱጌ የተባለ ባለሙያ በኦትሱ ከተማ የአሜሪካ ወታደሮች ከጣሉት የምግብ ቆርቆሮ ትንንሽ የጂፕ መጫወቻዎች ሠርቶ ሸጠ። ከዚያም ሥራው ተስፋፍቶ፥ በ1950ዎቹ ማሱዳያ፥ ኖሙራና ሌሎችም ድርጅቶች በባትሪ ድንጋይ የሚንቀሳቀሱ ሮቦቶችን ለውጭ አገር ገበያ አቀረቡ። ያን ጊዜ በጥቂት ዶላር የተገዛው መጫወቻ ዛሬ በሐራጅ በብዙ ሺሕ ዶላር የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ለመግዛት ያሰባችሁ እንደ ሆነ፥ በመልኩ ከመማረካችሁ አስቀድሞ የድንጋዩን ማኖሪያ ከፍታችሁ መርምሩ። የአንዳንዱ የባትሪ ድንጋይ ቅርፊት ዚንክ ነው፤ ኀይል በሰጠ ቍጥር ይህ ቅርፊት እየተበላ ይሳሳል፤ ተረስቶ ሲቀርም በውስጡ ያለው አሲዳማ ፈሳሽ ወጥቶ ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ሮቦቱን ያራመደው ነገር መልሶ ያጠፋዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሮቦቱ ወደ መደርደሪያው ከመመለሱ በፊት ድንጋዩ ይውጣ።

ቀለሙ ቢላጥም አዲስ ቀለም አትቀቡት። የብዙዎቹ ሥዕል ቆርቆሮው ገና ዝርግ ሳለ በማተሚያ የታተመ ስለ ሆነ፥ ብሩሽ አይመልሰውም፤ ዋጋውም ይወድቃል። ካርቶኑንም አትጣሉ። የሰብሳቢ ሙያ የተረከበውን ሳያጐድል ለተከታዩ ማስረከብ ነውና።